ቴአትር ቤታችን ከሾላው ጥላ ይማር፦ ስለ ሀዋሳ የማኅበረሰብ ቴአትር ቤት ንድፍ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሀዋሳ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለሲዳማ ክልል ባህል፣ ቱሪዝምና ስፖርት ቢሮ
ሀዋሳ

ጉዳዩ፦ በከተማችን ሊሠራ ስለሚገባው የማኅበረሰብ ቴአትር ቤት ንድፍ አስተያየትና ጥያቄ ስለማቅረብ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በሀዋሳ ከወጣት የቴአትር ክበባት ጋር ከሃያ ዓመት በላይ የሠራሁ አዘጋጅ ነኝ። የሥነ ሕንፃ ባለሙያ አይደለሁም። ይሁን እንጂ የተዋናይ ድምፅ በስንተኛው ረድፍ ላይ እንደሚደክም፣ ተመልካች መቼ ወንበሩ ላይ መቁነጥነጥ እንደሚጀምር፣ ልብስ ለመቀየር አራት ሜትር የሚሮጥ ልጅና ሕንፃውን ዞሮ አርባ ሜትር የሚሮጥ ልጅ ወደ መድረክ ሲመለሱ ትንፋሻቸው ምን ያህል እንደሚለያይ በሥራዬ አውቃለሁ። ስለዚህ ከተማችን አንድ ቀን እንደምትሠራው ተስፋ የማደርገው የማኅበረሰብ ቴአትር ቤት ንድፍ ወረቀት ላይ ከመስፈሩ በፊት የምለው አለኝ። ቴአትር ቤቱ ከሀዋሳ ተፈጥሮ ይቀዳ፤ ንድፍ አውጪው ግን የሐይቁንና የዛፉን መልክ ትቶ ሥራቸውን ይቅዳ።

መነሻ የሆነኝን አንድ ምሽት በቅድሚያ ላንሳ። ወሩ ነሐሴ ነበር። የተከራየነው አዳራሽ ለስብሰባ የተሠራ ስለሆነ ርዝመቱ እንደ መጋዘን፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱም ስስ ችፑድ ነበር፤ ስሙን የማልጠራው ሌሎቹም ከእርሱ እምብዛም ስለማይሻሉ ነው። በሁለተኛው ገቢር እናት ልጇን የምትለምንበት ንግግር እንደተጀመረ ዝናቡ ወረደ። ተዋናይቷ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ዝናቡም ከፍ አደረገ። ከኋላ የነበሩት ተመልካቾች ተነሥተው መተላለፊያውን ሞልተው ወደ ፊት ተጠጉ፤ እርሷም ቃላቱን ትታ በእጆቿ ብቻ መለመን ጀመረች። በመጨረሻ ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት ድምፃቸውን አሰምተው፣ «ልጄ፣ አረፍ በይ፤ ሲያባራ ትነግሪናለሽ» አሏት። ሁላችንም ሳቅን፤ እርሷም መድረኩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስም ተዋናይና ተመልካች አብረን ጠበቅን።

ዝናቡን አልወቅስም። ዝናብ በሀዋሳ ከበልግ ጀምሮ ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ሲመጣና ሲሄድ የሚከርም ያገሩ ባለቤት ነው። የምወቅሰው አዳራሹን ዝናብ በሌለበት አገር እንደሚቆም አድርጎ የነደፈውን አሳብ ነው። ከአዳራሹ ወጥቶ በሐይቁ ዳርቻ ከአንድ ያረጀ ሾላ ሥር የቆመ ሰው ያንኑ ዝናብ ይሰማል፤ ግን ከጎኑ ካለው ሰው ጋር መነጋገር አያቅተውም። ጠብታው ከላይኛው ቅጠል ወደ ታችኛው፣ ከታችኛው ወደ ቅርንጫፉ እየተሰባበረና ጉልበቱን እያጣ ስለሚወርድ ነው። የአባቶቻችን የሣር ክዳንም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ዛፉን በሥዕል ከመድረኩ ጀርባ ከመስቀል ይልቅ የዛፉን የተደራረበ ጣሪያ ከላያችን ብናደርገው፣ ማለትም ከቆርቆሮው ሥር ክፍት የአየር ሽፋን፣ ከእርሱ ሥር ደግሞ ድምፅ የሚውጥ ወፍራም ኮርኒስ ቢኖር፣ ያቺ እናት ንግግሯን ትጨርስ ነበር።

የምሰጋውን ልንገራችሁ። «ከአካባቢው ተፈጥሮ የተቀዳ» የሚል ሐሳብ ጨረታ ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመጣው ቅርጽ ነው። አንዱ የቆሮሶ ዓሣ የሚመስል ሕንፃ ይዞ ይቀርባል፤ ሌላው አባ ኮዳ የምንለው ትልቁ ወፍ ክንፉን ዘርግቶ የቆመበትን ጣሪያ ይሥላል፤ ሦስተኛው የሐይቁን ማዕበል በመስታወት ይሠራል። ሥዕሉ በትልቅ ባነር ታትሞ ሲሰቀል ያምራል። ነገር ግን አባ ኮዳ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ እየተንጎራደደ ሲያልፍ የሚያስደንቀን በሕይወት ስላለ ነው፤ አርማታ ሆኖ ሲቆም ለተዋናዩም ለተመልካቹም የሚጨምረው ነገር የለም። ከሁሉም የሚከፋው፣ ቅርጹ አስቀድሞ ከተወሰነ አዳራሹ በተረፈው ቦታ ይጠቀጠቃል።

ይህ በሀብታም አገርም የደረሰ ነው። የአውስትራሊያው የሲድኒ ኦፔራ ቤት ንድፍ ውድድሩን ያሸነፈው እ.ኤ.አ. በ1957 ነበር። በ7 ሚሊዮን ዶላር ያልቃል ተብሎ የታሰበው ሕንፃ በ102 ሚሊዮን ዶላር ተጠናቆ የተከፈተው በ1973 ነው፤ ንድፉን ያወጣው ዴንማርካዊው ዮርን ኡትሶን ግን በ1966 ሥራውን ጥሎ ሄዷል። ከውጭ ሲያዩት በዓለም ላይ ከሚደነቁት ሕንፃዎች አንዱ መሆኑ አያከራክርም። የውስጡ የሙዚቃ አዳራሽ ድምፅ ግን ለአሥርተ ዓመታት ሲያነጋግር ቆይቶ ለእድሳት ከተዘጋ በኋላ እንደገና የተከፈተው በ2022 ነበር። እነርሱ ስሕተታቸውን ለማረም ገንዘብም ጊዜም ነበራቸው፤ እኛ አንድ ጊዜ የሠራነውን አዳራሽ ልጆቻችንም እንዳለ ነው የሚረከቡት።

እንግዲህ ሥራው ከየት ይቀዳ? ለእኔ መጀመሪያ የሚታየኝ የጥላው ክብ ነው። በሲዳማ ሽማግሌዎች በሶንጎ፣ በባህላዊው ሸንጎ፣ ሲቀመጡ፣ በከተማችንም እድርተኛው ከዛፍ ሥር ሲሰበሰብ፣ ማንም በረድፍ ተሰልፎ የሰውን ማጅራት እያየ አይቀመጥም። ሰው ክብ ይሠራል፤ ተናጋሪውን ያያል፤ ተናጋሪውን የሚሰማውንም ሰው ፊት ያያል። ቴአትር የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሰውነቱን እንጂ ፊቱን መለየት የማንችለው ተዋናይ እንባው ለእኛ አይደርሰንም፤ ፊት ላይ ያለው ስሜት በደንብ የሚነበበውም እስከ 20 ሜትር ገደማ ባለው ርቀት ነው። 500 ሰው ከነመተላለፊያው 400 ካሬ ሜትር ያህል ይፈልጋል እንበል። ስፋቱ 12 ሜትር የሆነ እንደ ሣጥን ያለ አዳራሽ ውስጥ ስናስቀምጠው የመጨረሻው ረድፍ ከመድረኩ ከ30 ሜትር በላይ ይርቃል። ያንኑ ሕዝብ መድረኩን በግማሽ ክብ እንዲከብ ብናደርገው ግን ሁሉም ከ20 ሜትር ባነሰ ርቀት ውስጥ ይገባል። ለዚህ ልዩ ቴክኖሎጂ አያስፈልግም፤ አያቶቻችን ያለ ሜትር ያወቁት ነው።

ክብ ግን የራሱ ጣጣ አለው፤ ይህንንም ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ በቀጥታ ከመጣው ከ17 ሜትር በላይ የበለጠ መንገድ ከተጓዘ፣ ማለትም ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ ከዘገየ፣ ጆሯችን ከመጀመሪያው ጋር አዋህዶ አይሰማውም፤ ቃሉ ይደበላለቃል ወይም ያስተጋባል። ለስላሳ ክብ ግድግዳ ደግሞ እንደ ሳህን ድምፁን ሰብስቦ አንድ ቦታ ላይ ስለሚደፋው፣ አንዱ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጩኸት ሲሰማ ከእርሱ ሦስት ወንበር ርቆ የተቀመጠው ምንም አይሰማም። ከሾላው ሥር ይህ የማይደርሰው ግድግዳ ስለሌለ ነው። የእኛ ቤት ግን የባጃጁን ጡሩምባ የሚከለክል ግድግዳ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የግድግዳው ውስጠኛ ፊት ለስላሳ መሆን የለበትም፤ እንደ ዛፍ ልጥና ቅርንጫፍ የተሰባበረ፣ ድምፁን በየአቅጣጫው የሚበትን መሆን አለበት።

እዚህ ላይ የሲዳማ ደጋ ቤት ትልቅ ትምህርት አለው። ከሁላና ከአርቤጎና ደጋ የሚመጣው ቀርከሃ ተሰንጥቆ እንደ ቅርጫት ሲጠለፍ ቤት ይሆናል፤ በሐይቁ ዳር የምናየው ሸማኔ ወፍም ጎጆውን የሚሠራው ሣር ከሣር እያሠረ በዚሁ ጥበብ ነው። የተጠለፈ ቀርከሃ ፊቱ ጎርበጥባጣ ስለሆነ ድምፅ ይበትናል። ከጀርባው ጥቂት ክፍተት ትተን የእንሰት ቃጫ ብንጠቀጥቅበት ደግሞ የተረፈውን ድምፅ ይውጣል። ቃጫ ቆጮ ሲፋቅ የሚገኝ ነው፤ ገመድና ጆንያ ሲሆን እንጂ ግድግዳ ሲሆን አላየነውም። በውጭ ምንዛሪ የሚገዛው የድምፅ መምጠጫ ስፖንጅም ቢሆን በመርሑ ከዚህ የተለየ ነገር አይሠራም፤ ድምፁ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ሲመላለስ ጉልበቱን ያጣል። ቀርከሃም ሆነ ቃጫ በእሳት ስለሚያያዝ፣ እሳት በሚከላከል ኬሚካል መታከሙና በቂ የአደጋ ጊዜ መውጫ በሮች መኖራቸው ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። በሚገባ ሳይበስል የተቆረጠ ቀርከሃ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ያልታከመ ቀርከሃ ደግሞ በውስጡ ባለው ስታርች ምክንያት የነቀዝ ቀለብ ይሆናል። ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ የደን ምሁራን በወንዶ ገነት የደንና ተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ በቅርባችን አሉ፤ የንድፍ ቡድኑ የመጀመሪያ ጉዞ ወደዚያ ቢሆን እመክራለሁ።

ሙቀትንም ቀላል አድርገን አንየው። ተቀምጦ የሚያይ አንድ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። 500 ሰው ሲሰበሰብ በአዳራሹ ውስጥ ባለ አንድ ኪሎዋት 50 የኤሌክትሪክ ምድጃ እንደ መለኮስ ነው፤ የመድረክ መብራቱ ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ይሆናል። አየር ማቀዝቀዣ እንግጠም የሚል ካለ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተር እያስነሣን ድራማውን በጄኔሬተር ጩኸት ልናጅበው ነው ማለት ነው። ቡርኪናፋሶያዊው አርክቴክት ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ በተወለደበት በጋንዶ መንደር እ.ኤ.አ. በ2001 በሠራው ትምህርት ቤት ይህን ፈትቶታል። ግድግዳውን ከአካባቢው ሸክላ ሠርቶ፣ ቀዳዳ ያለው የጡብ ኮርኒስ አልብሶ፣ ቆርቆሮውን ከኮርኒሱ በላይ ከፍ አድርጎ ለብቻው አንሥቶታል። የሞቀው አየር በቀዳዳው ወጥቶ በሁለቱ ጣሪያዎች መካከል ይሄዳል፤ ከታች ቀዝቃዛው ይገባል። በዚህና በሌሎች ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ታላቁን የሥነ ሕንፃ ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ የተቀበለ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኗል። በዚምባብዌ ሐራሬ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጠናቀቀው የኢስትጌት ሕንፃም የአየር መተላለፊያው ከኩይሳ የተወሰደ ነው። ምስጥ በየሜዳችን የምትሠራውን ኩይሳ እኛ አፍርሰን ለወለል አፈርነት እንጠቀምበታለን፤ ሌላው ግን ቁጭ ብሎ አጥንቶታል።

በሀዋሳ በዚህ ላይ የሐይቁ ነፋስ አለልን። ቀን ምድሪቱ ስትሞቅ ነፋሱ ከውሃው ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ ማታ ምድሪቱ ቀድማ ስትቀዘቅዝ አቅጣጫው ይገለበጣል። የአየር ማስገቢያዎቹ በሁለቱም አቅጣጫ ቢከፈቱና ማስወጫው ከጣሪያው ጫፍ ቢሆን ነፋሱ ያለ ክፍያ ይሠራልናል። ነፋሱ የሚገባበት ቀዳዳ ድምፅም የሚያስገባ ስለሆነ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ሳይሆን ጠመዝማዛና ውስጡ በቃጫ የተለበጠ ይሁን።

ስለ ቦታው ስናገር ብዙ ወዳጆቼን እንደማስቀይም አውቃለሁ። ሁሉም ሰው ቴአትር ቤቱ በሐይቁ ዳር፣ በፍቅር ሐይቅ አጠገብ እንዲሆን ይመኛል። እኔም በወጣትነቴ ተመኝቼዋለሁ። ነገር ግን የሀዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ጥቁር ውሃ ወንዝ የሚገባበት፣ በገጸ ምድር ግን የሚወጣ ወንዝ የሌለው ዝግ ሐይቅ ነው። የገባው ሁሉ፣ ደለሉም ጭምር፣ እዚያው ይቀራል። ውሃው ከፍ ብሎ ዳርቻውን ሲያጥለቀልቅ ያየን ነዋሪዎች ነን፤ የመከላከያ ግድቡም ለጌጥ አልተሠራም። በዳርቻው መሠረት የሚቆፍር ሰው ከውሃ ጋር ትግል ይገጥማል። በዚህ ላይ ማታ መብራት ሲበራ ከሐይቁ የሚነሣው የትንኝ መንጋ ተዋናዩ አፍ ውስጥ ይገባል፤ ክረምት ላይ እንቁራሪቱ የራሱን ኮንሰርት ይከፍታል፤ የወባውን ነገር የጤና ባለሙያዎች ይንገሩን። ደግሞም ዳርቻው የጉማሬው፣ የጉሬዛው፣ የወፉና የዓሣ አጥማጁ ነው። እኛ ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል ለምንቀመጥበት ቤት ብለን ቀኑን ሙሉ የሚኖሩበትን ማጠር ተገቢ አይመስለኝም።

ይልቅስ ከታቦር ወይም ከአላሙራ ተራራ ግርጌ መጠነኛ ተዳፋት ያለው፣ ውሃ የማይተኛበት ቦታ ቢፈለግ ይሻላል። የጥንት ግሪኮች በኤፒዳውሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ምእተ ዓመት የሠሩት ቴአትር እስከ ዛሬ የሚደነቅበት አንዱ ምክንያት ወንበሮቹን ለመሥራት ኮረብታውን ራሱን መጠቀማቸው ነው። ተዳፋቱ ለእያንዳንዱ ረድፍ ከፍታ ይሰጠዋል፤ የፊተኛው ሰው ራስ የኋለኛውን አይጋርድም፤ የአፈር ሙሌትም ሆነ የአርማታ ወጪ ይቀንሳል። ከተዳፋቱ ላይ ከዋናው አዳራሽ ጎን ክፍት የሆነ ሁለተኛ መድረክ መሥራትም ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታሰብ፦ ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው። ተመልካቹን ወደ ሐይቁ አዙረን ካስቀመጥነው ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ትገባለች፤ ተዋናዩም ጥቁር ጥላ ብቻ ሆኖ ይታያል። የተማሪዎች ትርዒት ደግሞ የሚካሄደው በዚያ ሰዓት ነው። ስለዚህ ክፍቱ መድረክ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ዘንበል ይበል፤ ሐይቁን በእረፍት ሰዓት ከበረንዳው እናየዋለን።

የምንኖረው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ላይ መሆኑንም ንድፍ አውጪው አይርሳ። በጥር 2008 ዓ.ም. ምድር ስትንቀጠቀጥ ደንግጠን ከቤት የወጣነው ብዙዎች ነን። ሰፊ አዳራሽ ከላዩ ከባድ አርማታ ተሸክሞ ማየት ያስፈራኛል። ቀላል ጣሪያ፣ እርስ በርሱ የተሳሰረ አጥንት፣ ለግድግዳውም በአካባቢያችን ከሚገኘው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚመረት ብሎኬት፣ እነዚህን የሀገራችን የሕንፃ ሕግ በሚያዘው የርዕደ መሬት ስሌት አዋቂ መሐንዲስ ይያያቸው።

ስለ ወለሉ የምለው አጭር ነው፤ እንጨት ይሁን፣ ከሥሩም የሚለጠጥ ርብራብ ይኑረው። ቄጣላ የተባለውን የሲዳማ የኅብረት ጭፈራ የሚጫወቱ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ መሬት ሲረግጡ ድምፁ ከጭፈራው አካል አንዱ ነው፤ ኮንክሪት ይህን ድምፅ ይገድለዋል፤ የዘፈን ተወዛዋዦችን ጉልበትም ከዓመታት በኋላ እንዴት እንደሚያደርገው በራሴ ተማሪዎች አይቻለሁ። መድረኩም ለአርባ ለሃምሳ ሰው የሚበቃ ስፋት ያስፈልገዋል። ከውጭ የተቀዱ ንድፎች ለአምስት ተዋናይ የሚበቃ መድረክ ሠርተው የቀረውን ለመጋረጃና ለማሽን ይሰጡታል፤ የእኛ ጥበብ ግን አብዛኛው የብዙ ሰው ጥበብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበውን የሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ፍቼ ጫምባላላን፣ በጉዱማሌ አደባባይ የተመለከተ ሰው ማኅበረሰቡ ቀድሞውንም ትልቅ የመድረክ ሰው መሆኑን ያያል። በዓሉ የሚነሣበት ታሪክ ራሱ፣ ያገባች ሴት በዓመት አንድ ጊዜ ቡርሳሜ የተባለውን የእንሰት ምግብ ይዛ ወላጆቿን የምትጠይቅበትና ጎረቤት ሁሉ የሚካፈልበት ታሪክ፣ ለቴአትር የተዘጋጀ ነው። በዚያው በዓል የጎሳ መሪዎች ለሕዝቡ ከሚሰጡት ምክር አንዱ የሀገር በቀል ዛፎችን እንዳይቆርጡ ነው። ከዚህ ምክር የወጣ ቴአትር ቤት ሠርተን ስናበቃ በመግቢያው ላይ «ለግንባታው ሲባል የተቆረጡ» የሚባሉ ዛፎች ካሉን በአባቶች ፊት መልስ አይኖረንም። ቦታው ላይ ያለ ሾላም ሆነ ዋርካ በንድፉ ላይ እንደ ግድግዳና እንደ አምድ ቀድሞ ይመዝገብ፤ ሕንፃው ዛፉን ዞሮ ይለፍ። ከተቻለ የቲኬት መቁረጫው ከዛፉ ሥር ይሁን፤ ሰው ወደ አዳራሹ ከመግባቱ በፊት የሚገናኝበት፣ ቡና የሚጠጣበት፣ ከትርዒቱ በኋላ የሚከራከርበት ቦታ ያስፈልገዋል። እውነቱን ለመናገር ከትርዒቱ ይልቅ ክርክሩን የሚወዱ ተመልካቾች አሉኝ።

ሀዋሳ በሲዳሙ አፎ፣ በሲዳማ ቋንቋ፣ ሰፊ ማለት ነው ይባላል፤ ከተማዋም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከተቆረቆረች ወዲህ ከየአቅጣጫው የመጣውን ሰው አስፍራለች። ቴአትር ቤቱ በሲዳሙ አፎ፣ በአማርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ የሚገቡበት መሆን አለበት ስል ለጨዋነት ያህል አይደለም፤ ንድፉን የሚነካ ነገር ስለሆነ ነው። አንድ ትልቅ አዳራሽ ብቻ ከተሠራ በሳምንቱ ስብሰባና ሥልጠና ይይዘውና ቴአትር ለበዓል ብቻ ይጠራል። ሁለትና ሦስት የልምምድ ክፍሎች ካሉ ግን ክበባቱ ሳይሻሙ ዓመቱን ሙሉ ይሠራሉ። ዛሬ የምንለማመደው በትምህርት ቤት ግቢ፣ በቀበሌ አዳራሽ በረንዳ፣ አንዳንዴም በሠርግ ድንኳን ውስጥ ነው። የሀገራችን የቴአትር ቤቶች ታሪክ በአብዛኛው የአዲስ አበባ ታሪክ ሆኖ መቆየቱን አውቃለሁ፤ ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ ሀዋሳ ገና ከተማ አልሆነችም ነበር። ዛሬ ግን አንድን ክፍለ ከተማዋን በሙሉ «ባህል አዳራሽ» ብላ የሰየመች ከተማ፣ ድምፅ ያለ ሞንታርቦ የሚሰማበት አንድ መድረክ ብትጠየቅ ተጋነነ አይባልም።

ከእናንተ የምጠይቀው ትልቁ ነገር ገንዘብ አይደለም፤ ቅደም ተከተል ነው። ንድፉ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ውድድር ይምጣ፤ ወጣት አርክቴክቶቻችንም ይወዳደሩ። የውድድሩ መመሪያ ሕንፃው ምን እንደሚመስል ከመጠየቁ በፊት ምን እንደሚሠራ ይጠይቅ፦ ነሐሴ ላይ ዝናብ ሲጥል የመጨረሻው ረድፍ ይሰማል ወይ? መብራት ሲጠፋ አየሩ ይንቀሳቀሳል ወይ? በዊልቸር የሚሄድ ሰው ያለ ሰው እርዳታ ወንበሩ ጋ ይደርሳል ወይ፣ ተዋናይ ከሆነስ መድረኩ ላይ ይወጣል ወይ? ዳኞቹ ሲቀመጡ ከመሐንዲሶቹ ጎን የሀገር ሽማግሌዎች፣ የመድረክ ሰዎችና ቀርከሃ የሚጠልፉ የደጋ ባለሙያዎች ይኑሩ። ዓይነ ስውር የሆኑ ተመልካቾቻችንም ይጠየቁ፤ ስለ አዳራሽ ድምፅ ከእነርሱ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። ጥገናውም ከወዲሁ ይታሰብ፤ ቀርከሃ በየጥቂት ዓመቱ እየተለወጠ የሚኖር ነገር ነው፤ ባለሙያውን በቋሚነት የሚያሠራ በጀት ካልተያዘለት ከመጀመሪያው ባይሠራ ይሻላል።

በመጨረሻም አንድ ትንሽ ፈቃድ እንድትሰጡን እጠይቃለሁ። ማንኛውም ቦታ ካርታ ከመውጣቱ በፊት፣ ሊሆኑ ይችላሉ የምትሏቸውን ሁለት ወይም ሦስት ቦታዎች አሳዩን። በአንድ ቅዳሜ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከክበቡ ልጆች ጋር እንመጣለን። አንዷ ተዋናይ መሐል ቆማ በተራ ድምፅ ታነባለች፤ ሌሎቻችን በየአቅጣጫው እየራቅን ቃሉ መለየት ሲያቅተን ችካል እንተክላለን። ችካሎቹን በገመድ ስናገናኛቸው ያ ቦታ በራሱ የሚሰጠን አዳራሽ ቅርጹ መሬት ላይ ይታያል። ገመዱንና ችካሉን እኛ እናመጣለን፤ ከጽሕፈት ቤታችሁ ሁለት ሰው ብትልኩልን እነርሱም ከችካሎቹ አንዱን ይተክላሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሀዋሳ ነዋሪ የሆነ የቴአትር አዘጋጅ